አሮጌ ኮሮላ ጎንደር ላይ፦ ሳይገዙ ምን ማየት፣ ገዝተው ከምን መጀመር

መኪናዋን በገዛሁ በዘጠነኛው ቀን ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ እንደ ጀበና ገነፈለች። ዳገቱ ላይ የሙቀት መርፌው ቀዩን ነካ፣ ከኮፈኑ ጠርዝ እንፋሎት ወጣ። ዳር ይዤ ቆምኩና የራዲያተሩን (የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘውን) ክዳን ልከፍት ጨርቅ ፍለጋ ገባሁ። ከኋላዬ የቆመ የባጃጅ ሹፌር «ኧረ አይንኩት! ፊትዎን ይልጥዎታል!» ብሎ ጮኸ። ባይጮህ ኖሮ ዛሬ ፊቴ ሌላ ነበር።

በገመድ ተጎትታ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ደረሰች። ሰፈርተኛው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። የራዲያተሩን ክዳን በሁለት ጣታቸው ይዘው ገለበጡት፤ ታች ያለው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ቀጥለው የቴርሞስታቱን (በሙቀት የሚከፈትና የሚዘጋው የውሃ በር) ቤት ፈቱት፤ ባዶ ነው። አንዱ አውጥቶ ጥሎታል። «ልጄ፣ አንተ መኪና አልገዛህም፤ የሰው ስንፍና ነው የገዛኸው» አሉኝ። የክዳኑ ዋጋ ያኔ ከአንድ ኪሎ ቅቤ አይበልጥም ነበር። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣሞ ቢሆን ኖሮ ግን የወር ደመወዜ ባልበቃው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደብተር ይዣለሁ። ይኸው አራት ዓመት ሆነው። ገልጬ ሳየው ትልልቆቹ ወጪዎች የሚጀምሩት አንድ ትንሽ ጎማ ወይም አንድ ሊትር ውሃ ችላ ከተባለበት ቀን ነው። ሰው ሁሉ «ሞተሩ ወርዷል (ለእድሳት ተፈትቷል) ወይስ አልወረደም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ውሃው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላየሁም። ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ለ1990ዎቹና ለ2000ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ኮሮላዎችና መሰሎቻቸው ነው። ለሌላውም አሮጌ የቤት መኪና ብዙው ይሠራል።

ብሩን ከመቁጠር በፊት

የብር ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ከነገ ወዲያ ያስቃል። አካፋፈሉን ልንገራችሁ። ለመኪና የያዛችሁትን ገንዘብ አምስት ቦታ ክፈሉት፤ አራቱ መግዣ፣ አንዱ የመጀመሪያው ዓመት ጥገና። አምስቱንም ለሻጭ ሰጥቶ በባዶ ኪስ ቁልፍ የተቀበለ ሰው በሦስተኛው ወር መኪናውን አጥር ውስጥ አቁሞ ሲያያት ታገኙታላችሁ።

ሃያ አምስት ዓመት ያለፋት መኪና እንደ ርስት ዋጋ የምትጠራው ያለምክንያት አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እናንተም አራተኛው ወይም ስድስተኛው ባለቤት ናችሁ።

ስለ ሞተር ምርጫ አጭር ምክር። 4ኢ የሚባለው ባለ 1.3 ሊትር እና 4ኤ የሚባለው ባለ 1.6 ሊትር ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞር የጎማ ቀበቶ) አላቸው፤ ቺንጋው በጊዜው ከተቀየረ ሁለቱም ታጋሽ ናቸው፣ መለዋወጫቸውም በየቦታው ይገኛል። ከእነሱ ኋላ የመጡት 1ኤንዜድና 1ዜድዜድ በሰንሰለት ነው የሚሠሩት። 1ዜድዜድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ ዘይት በመብላት የታወቀ ስለሆነ እሱን ስታዩ የዘይት መለኪያውን ሁለት ጊዜ ምዘዙ። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የድሮ እቃ) ያላት አሮጌ መኪና ለመካኒክ ትቀላለች፣ ለቤንዚን ኪስ ግን ትከብዳለች። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ስላለች አየሩ ከቆላው በአምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛና ጥቁር ጭስ ያስወጣል። በሚያውቅ እጅ መስተካከል አለበት። ሞተሯም ዳገት ላይ ብትለግም በሽታ ላይሆን ይችላል፤ ከፍታው ራሱ ጉልበት ይቀንሳል።

በጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ

1. ለሻጩ ወይም ለደላላው ቀድማችሁ «እኔ ሳልደርስ እንዳይነሳ» በሉት። እንደደረሳችሁ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ካገኛችሁት «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብላችሁ ሂዱ። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ነገር ይናገራል፤ የሞቀ ሞተር ይዋሻል።

2. ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። አረንጓዴ ወይም ቀይ ንጹሕ ፈሳሽ ካያችሁ ጥሩ ነው። እንደ ሻይ የጠቆረ የዝገት ውሃ ካያችሁ ባለቤቱ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲጨምር ኖሯል። ላዩ ላይ የዘይት ዓይን ከተንሳፈፈ ድርድሩን እዚያው ጨርሱት።

3. የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጡ። ከሥሩ እንደ እርጎ ነጣ ያለ ነገር ከተጣበቀ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ሊሆን ይችላል። አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ላይ በብርድ ወራት ትንሽ ሊታይ ይችላል፤ መለኪያው ዘንግ ላይም ካለ ግን አታመንቱ፣ ተዉት።

4. አሁን አስነሱት፤ አንድ ሰው ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ኋላ ይቁም። በመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ብቻ የሚታይ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ጎማ ነው፤ ይኖርበታል። ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው፤ ያ ሞተር መውረዱ አይቀርም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ነጭ እንፋሎት ቢወጣ አትደንግጡ፤ እኛም ስንተነፍስ ይወጣል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመና ጣፋጭ ሽታ ካለው ግን የራዲያተር ፈሳሽ እየተቃጠለ ነው።

5. ትንሽ ማግኔት በኪሳችሁ ያዙ። በሮቹ ታች፣ ጎማ ጠርዝ፣ ጣራ ላይ አስጠጉት፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ነው። ትንሽ ስቱኮ ነውር የለውም፤ ጎንደር ላይ ባጃጅ ያልነካው መኪና ያለ አይመስለኝም። የፊት ምሰሶና ጣራ ላይ ከተገኘ ግን መኪናዋ ተገልብጣለች።

6. ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመኑ። ፔዳሉ ጎማው ተበልቶ ብረቱ ከታየ፣ መሪው ለስልሶ ካበራ፣ ቆጣሪው 90,000 ቢልም እናንተ 300,000 ብላችሁ ተደራደሩ።

7. መንገድ ምረጡ። እኔ ከፒያሳ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወጣውን ዳገት ነው የምወስዳቸው። በሁለተኛ ማርሽ ስትወጡ የሞተሩ ድምፅ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) አልቋል። ስትመለሱ ፍሬን ያዙ፤ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል፣ ወደ አንድ ጎን ከሳበ አንዱ ፍሬን አይሠራም። ኮብልስቶን ላይ ሬዲዮና ወሬ ዝጉ፤ ኳኳታውን ስሙ። ሰፊ ቦታ ላይ መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ከፊት ጎማ ቀጭ ቀጭ ካለ የሰሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ጫፍ ተበልቷል።

8. ስትመለሱ ሞተሩን አታጥፉ። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) አሥራ አምስት ደቂቃ ይቁም። ፋኑ ራሱ ተነስቶ ራሱ መጥፋት አለበት። ደላላው «ጊዜ የለንም» የሚላችሁ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

9. የራሳችሁን መካኒክ ከፍላችሁ ውሰዱ። ሻጩ «የማውቀው ጎበዝ ልጅ አለ» ካላችሁ ጎበዝነቱን አትጠራጠሩ፤ ለማን እንደሚሠራ ብቻ ጠይቁ።

ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ። ሞተር የተቀየረባት መኪና ከሆነች ለውጡ ሊብሬው ላይ መግባት አለበት። እዳና እገዳ የሌለባት መሆኑን ከመመዝገቢያው ቢሮ አረጋግጡ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ መከፈሉን ሳታዩ ቀብድ አትስጡ። በውክልና ብቻ ገዝቶ ስም ሳያዛውሩ መንዳት ዛሬ ገንዘብ ያተርፋል፤ ወካዩ ሞቶ ወራሾቹ ሲመጡ ግን ኪሳራው ሌላ ነው። ስሙን አዛውሩት።

የመጀመሪያው ሳምንት

ሻጩ «ሁሉም አዲስ ነው» ቢላችሁም እንዳልተነካ ቁጠሩት። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ፤ እነዚህ 1.3ና 1.6 ሞተሮች ከ3 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ነው የሚወስዱት፣ ስለዚህ 4 ሊትሩ ጀሪካን ተርፎ ለመሙያ ይሆናችኋል። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ካልተረጋገጠ ቀይሩት፤ በጥቅሉ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው ዕድሜው፣ በአሮጌ መኪና ላይ ግን ዓመታቱም ይቆጠራሉ። ቺንጋው ሲቀየር የውሃ ፓምፑም አብሮ ይቀየር፤ ለሁለቱም የሚፈታው ያው አንድ ቦታ ነው፣ የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ አትክፈሉ። ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው)፣ የአየርና የቤንዚን ፊልትሮ፣ የፍሬን ዘይት ይከተላሉ። ቀለምና የወንበር ልብስ ይቆዩ። አንድ ጎረቤቴ መጀመሪያ ወንበሩን በቆዳ አለበሰ፤ በሁለተኛው ወር ቆዳው ላይ ተቀምጦ ጎታች ሲጠብቅ አየሁት።

የውሃው ነገር

እዚህ ላይ ልዘግይ፤ ጎንደር ላይ መኪና የሚገድለው ይህ ነውና።

ባሕር ወለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። በእኛ ከፍታ ግን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፤ ሽምብራና ባቄላ ማድቤት ውስጥ አልበስል እያለ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። ደኅና የራዲያተር ክዳን ላዩ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር አለበት። በዚያ ግፊት ተዘግቶ ሲቆይ ውሃው እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይታገሣል። ክዳኑ ሲላላ ግን ውሃው ወደ 93 ይመለሳል። የብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ፋን ደግሞ የሚነሳው በዚያው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፋኑ ሥራ ሊጀምር ሲል ውሃው ፈልቶ ጨርሷል ማለት ነው። የኔዋ ዳገቱ ላይ የገነፈለችው በዚህ ነበር። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመፍታት በፊት ክዳን ቀይሩ።

ቀጥሎ ቴርሞስታት። «አገራችን ሞቃት ነው፣ አያስፈልግም» ብለው የሚያወጡት መካኒኮች አሉ። ጠዋት በነጠላ የምንወጣበት ከተማ ሞቃት ከተባለ እንግዲህ ምን እላለሁ። ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ አካባቢ እስኪከፈት ድረስ ውሃውን ሞተሩ ውስጥ ያዞራል፤ ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል። ሲወጣ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ከዚህ የባሰም አለ፤ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። እሱ ከሌለ የሞቀው ውሃ ግማሹ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ማቀዝቀዝ ብለው ያወጡት ዳገት ላይ ያፈላል።

አዲሱን ቴርሞስታት ከመግጠማችሁ በፊት ፈትሹት። በክር አንጠልጥላችሁ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ክተቱትና ጣዱት። ውሃው ዳር ዳሩን መንቀልቀል ሲጀምር መሐሉ ቀስ ብሎ መከፈት አለበት፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይዘጋል። ውሃው ፈልቶ እሱ ካልተከፈተ ለሻጩ መልሱት። የወጥ ድስት አትጠቀሙ፤ እኔ ተሰድቤበታለሁ።

ከዚያ እጠቡት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን የታች ማፍሰሻ ፍቱ፣ አፍስሱ፣ በንጹሕ ውሃ ሙሉ፣ አስነስታችሁ የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ እስከ ጥግ ከፍታችሁ አዙሩ፣ አቀዝቅዛችሁ እንደገና አፍስሱ። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይህን ደጋግሙ፤ የኔዋ አምስት ጊዜ ወስዳለች። በመጨረሻ ግማሽ የራዲያተር ፈሳሽ፣ ግማሽ የባትሪ ውሃ (አሲድ የሌለው፣ የተጣራው)። በእነዚህ ሞተሮች በጠቅላላው ከ5 እስከ 6 ሊትር ይይዛል። የቧንቧ ውሃ ደለሉ ራዲያተሩ ውስጥ ይቀራል፤ ለአደጋ ጊዜ ብቻ ይሁን። የራዲያተሩን ጎማዎች በጣታችሁ ጨምቁ፤ እንደ እንጨት የደረቀ ወይም እንደ ሊጥ የላላ ካለ ይቀየር።

መንገድ ላይ ከፈላባችሁ፦ ኤር ኮንዲሽነር ዝጉ፣ የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ ክፈቱ (ላብ ያጠምቃችኋል፤ ግን ሙቀቱን ከሞተሩ ይወስዳል)፣ ዳር ያዙ፣ አጥፉ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ክዳን አትንኩ። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ አታፍስሱ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። «ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ልድረስ» ያለ ሰው ቴስታታ ይከፍላል።

ውሃ እየጎደለ የሚፈስበት ቦታ ካልታየ፣ ሞተሩ ተነስቶ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሄዷል። ገበያ ላይ ያለው ቀዳዳ የሚደፍን መድኃኒት የማሞቂያውን ቀጭን ቧንቧ ነው ቀድሞ የሚደፍነው፤ አልመክርም። ቴስታታው ይወርድና ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላግበት) ሄዶ ቀጥ ማለቱ ይለካ። ሳይለካ አዲስ ጓርኒሲዮን ብቻ የሚያስገባ መካኒክ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ያገኛችኋል።

ፍሬንና ፍሪሲዮን

ከጎሃ ቁልቁል በፎሌ (ማርሽ አውጥተው) የሚወርዱ ሰዎችን አያለሁ፤ ቤንዚን የቆጠቡ መስሏቸው። ኢንጀክሽን (ቤንዚን በኮምፒውተር የሚረጭ) ያላት መኪና ማርሽ ላይ ሆና ነዳጅ ሳትረግጡ ስትወርድ ቤንዚኑን ራሷ ትዘጋለች። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ትበላለች። ቁጠባው የተገላቢጦሽ ነው። ከዚያ በላይ ክብደቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ ያረጀ የፍሬን ዘይት ከአየር የሳበው እርጥበት ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። ከደባርቅ አልፋችሁ ሊማሊሞን የምትወርዱ ከሆነ ይህ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ፣ ሸራው ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ ይቀየር። የእጅ ፍሬኑም ይሥራ፤ ከጎማ ሥር ድንጋይ እየጎተቱ መኖር አያስፈልግም።

ፍሪሲዮን የሚያልቀው ዳገት ላይ በግማሽ ፍሪሲዮን መኪናውን አንጠልጥለን ስንቆም ነው። ባጃጅ እስኪያልፍ፣ በግ እስኪሻገር። የእጅ ፍሬን ያዙ። ለመፈተን፦ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ጠበቅ አድርጋችሁ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ሳይጠፋ ከጮኸ ሸራው አልቋል። ሲቀየር ሸራው፣ መጫኛ ሰሃኑና ኩሽኔታው በአንድ ላይ ይቀየሩ። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ማውረዱ ነው ውዱ፤ እቃው አይደለም።

ከታች በኩል

ኮብልስቶን የፊት እግር ይበላል። ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ)፣ ቦል ጆይንት፣ የጎማ ቡሽ፣ አሞርዛተር፤ እነዚህ በየተራ ይመጣሉ፤ የእኔ ደብተር ውስጥ ያልተጻፉበት ዓመት የለም። ከቴስቲና ቅያሬ በኋላ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አስደርጉ፤ አለዚያ አዲስ ጎማ በአንድ ጎኑ ተላጭቶ ያልቃል። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፦ 2319 ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎሚስታው «አዲስ ነው» ያላችሁ ጎማ መደርደሪያ ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ባትሪና ቤንዚን

የቮልት መለኪያ ያለው ሰው ፈልጉ። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 አካባቢ፣ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ከሆነ ባትሪውም ዲናሞውም ደኅና ናቸው። ተነስቶም 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው አይሞላም፤ አዲስ ባትሪ ብትገዙለት እሱንም ይገድለዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ነጭ ሻጋታ የለበሰ ሞርሴቶ (የባትሪ ገመድ መያዣ) ነው። በፈላ ውሃ አጥባችሁ፣ በብሩሽ ፈግፍጋችሁ፣ አጥብቁት። እኔ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) ልቀይር ሄጄ በሞርሴቶ ማጥበቅ የተመለስኩበት ቀን አለ።

ቤንዚን ከጀሪካንና ከሃይላንድ መግዛት ባይኖርብን ጥሩ ነበር። ሰልፉ ያስገደደው ሰው ግን ቢያንስ በሚያሳይ ሃይላንድ አሥር ደቂቃ ያስቀምጠው፤ ውሃ ካለው ከሥሩ ይተኛል፣ መስመሩ በዓይን ይለያል። የላይኛውን ብቻ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ። እቤት ውስጥ ግን አታከማቹ። ታንኩን ከሩብ በታች አታውርዱ፤ ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች ፓምፕ ቤንዚኑ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚቀዘቅዘው፣ ደለሉም ከሥር ነው ያለው።

እቃ አገዛዝ

ሦስት ዓይነት እቃ አለ፦ ኦርጅናል፣ ኮፒ፣ ሳልባጅ (ያገለገለ)። ኮፒ የውሃ ፓምፕ በሦስት ወር ሁለቴ ቀይሬ ሦስተኛውን ኦርጅናል ገዛሁ፤ የሦስቱ ድምር የኦርጅናሉን እጥፍ ሆነ፣ የእጅ ዋጋው ሳይቆጠር። አሁን ለፍሬን፣ ለታይሚንግ ቺንጋ፣ ለቴርሞስታትና ለቦል ጆይንት ኮፒ አላስገባም። የበር መስታወት፣ ፓውዛ፣ የበር እጀታ፣ ዲናሞ ጭምር ሳልባጅ ቢሆን ግድ የለም፤ የወቅቱ ጃፓን ሥራ ነው።

ጎንደር ላይ ካልተገኘ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በሰው ታስመጣላችሁ። የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተሩን ስም ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፤ አሮጌውን እቃ ከማስመሪያ ጋር አድርጋችሁ በሁለት ጎን አንሱት። «የኮሮላ» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ካልገጠመ እንደሚመለስ በመልእክት አጽፉት። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ፊልትሮ፣ ቺንጋና የራዲያተር ጎማ ከአንድ በላይ ቤት ይኑር።

ደብተሩ

ሦስት ገጽ ይበቃል። በአንደኛው የማይቀሩት፦ የሦስተኛ ወገን መድን (በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው)፣ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ። በአሥራ ሁለት አካፍላችሁ በየወሩ አስቀምጡ። ለምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ ዝናብ መጥረጊያና የእጅ ፍሬን ራሳችሁ አይታችሁ ሂዱ።

በሁለተኛው በኪሎ ሜትር የሚቆጠሩት። ለምሳሌ በወር 600 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ከበላች 54 ሊትር ይፈልጋል፤ የሊትሩን ዋጋ እናንተ አባዙት። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቢባል ስምንት ወር ይሆናል፤ አሮጌ ሞተር ስለሆነ እኔ በስድስት ወር እቀይራለሁ። ጎማ 40,000 ይሄዳል ብንል በዚህ አነዳድ አምስት ዓመት ተኩል ነው፤ ለአንድ ወር የሚደርሰውን አስቀምጡ። ፍጆታን ለመለካት ታንክ ሞልቶ እስከሚቀጥለው ሙሌት መቁጠር ነው ትክክሉ። እዚህ ሙሉ ታንክ ሁልጊዜ ስለማይገኝ እኔ የሦስት ወሩን ሊትርና ኪሎ ሜትር ደምሬ አካፍላለሁ። ቁጥሩ በድንገት ከ9 ወደ 12 ከዘለለ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ባይበራም ነገር አለ፦ ያልተለቀቀ ፍሬን፣ የተዘጋ የአየር ፊልትሮ፣ ወጥቶ የተጣለ ቴርሞስታት።

ሦስተኛው ገጽ ያልታሰበው ነው። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተቀየረውን እቃ፣ የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ጻፉ። መካኒኩ የለወጠውን አሮጌ እቃ በእጃችሁ ተቀበሉ፤ አይጠቅማችሁም፣ ግን መለወጡን ታያላችሁ። ፋሻውም ቴስታታውም በአንድ ላይ ከሄዱ፣ ወይም ከታች ምሰሶው በዝገት ከተበላ፣ ከመጠገን መሸጥ ይሻላል፤ ለገዢው ግን ንገሩት።

ከኋላ የሚቀመጥ

አየር ያለው ስኮርታ፣ ክሪክ፣ የቸርኬ መፍቻ፣ 5 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ የባትሪ ገመድ፣ መጎተቻ ገመድ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ፣ የእጅ ባትሪ፣ ወፍራም ጨርቅ። ወደ መተማ የምትወርዱ ከሆነ ውሃውን እጥፍ አድርጉት፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ተነስታችሁ ከ1,000 በታች ነው የምትገቡት፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። እኔ አሮጌውን የተሰነጠቀ ክዳን የእጅ ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ አኑሬዋለሁ። መኪና ሊገዛ የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ነው የማሳየው።